ከመቶ አንድ የማይሞላው ቆሻሻ፦ የእንጨት ቶርኖ ብናኝና ፍቅፋቂ አያያዝ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

መግቢያ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ከሚገኙ የእንጨት ሥራ ቤቶች መካከል ቶርኖ ያላቸውን ለመለየት ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በደጃቸው የአልጋ እግር፣ የወንበር ዘንግ፣ የደረጃ መደገፊያ፣ የቡና ሙቀጫና ዘነዘና ተደርድሮ ይታያል፤ በወለላቸው ላይ ደግሞ ከመሮው ሥር የወጣ ፍቅፋቂ ተከምሮ ይገኛል። ባለሙያውም ሆነ ጎረቤቱ ስለ ሥራ ቤቱ ንጽሕና ሲያስብ በቅድሚያ ወደ ዓይኑ የሚመጣው ይህ ክምር ነው። ክምሩ ሲጠረግና በጆንያ ተሞልቶ ሲወጣ ቤቱ ጸዳ ይባላል።

ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳው አንድ ነገር ነው። በቶርኖ ሥራ ከሚወጣው ቆሻሻ ውስጥ ሳንባንና አፍንጫን የሚጎዳው በክብደት ሲመዘን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ እርሱም በመጥረጊያ የሚነሣ ሳይሆን በአየር ውስጥ ተንሳፍፎ የሚቆይ ነው። ስለዚህ ፍቅፋቂንና ብናኝን እንደ አንድ ቆሻሻ ቆጥሮ በአንድ ዘዴ ለማስወገድ መሞከር ድካምን ከማብዛት በቀር ጤናን አይጠብቅም። ፍቅፋቂ የወለል ጉዳይ ነው፤ ብናኝ ግን የአየር ጉዳይ ነው። ጽሑፉ ይህን ልዩነት በስሌት ካሳየ በኋላ፣ በአካባቢው በሚገኝ እንጨት፣ በአካባቢው ነፋስና በአካባቢው የብረታ ብረት ባለሙያ አቅም ሊሠሩ የሚችሉ መፍትሔዎችን ይመረምራል።

የአንድ አልጋ እግር ስሌት

ጎኑ 80 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 600 ሚሊ ሜትር የሆነ ባለ አራት ማዕዘን ደረቅ እንጨት በቶርኖ ላይ ተሰክቶ 70 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው ክብ እግር ይሆናል እንበል። እንጨቱ በአንድ ሜትር ኪዩብ 600 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዓይነት ከሆነ፣ ካሬውን በመሮ ለማክበብ ብቻ 920 ግራም ያህል እንጨት ተነሥቶ ወለል ላይ ይወድቃል። ይህ ፍቅፋቂ ነው።

ቀጥሎ እግሩ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በማለስለሱ ሥራ ከገጹ ላይ የሚነሣው ውፍረት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሚወጣው ብናኝ 8 ግራም ያህል ነው። ከጠቅላላው ቆሻሻ አንጻር ሲታይ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከ920 ግራሙ ክምር ጎን ቢቀመጥ ማንም ልብ አይለውም።

አሁን ይህን 8 ግራም ከክፍሉ አየር ጋር እናነጻጽረው። ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ ቤት 60 ሜትር ኪዩብ አየር ይይዛል። በብሪታኒያ ሕግ ለሰፊ ቅጠል ዛፎች የእንጨት ብናኝ የተፈቀደው ጣሪያ በስምንት ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኪዩብ አየር 3 ሚሊ ግራም ነው። 60 ሜትር ኪዩብ አየር ወደዚህ መጠን እንዲደርስ በውስጡ መንሳፈፍ ያለበት ብናኝ 180 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ይህም በሁለት ጣት ተቆንጥጦ ከሚነሣ ጨው አይበልጥም። ከአንዱ አልጋ እግር ማለስለስ ከወጣው 8 ግራም ውስጥ ከመቶ ሁለት እጅ ከጥቂት በላይ የሚሆነው በአየር ላይ ቢቀር ክፍሉ ጣሪያው ላይ ደረሰ ማለት ነው። አንድ አልጋ ግን አራት እግር አለው፤ ባለሙያውም በቀን የሚሠራው አንድ አልጋ ብቻ አይደለም።

ብናኝ በአየር ላይ የሚቆየው ለምንድን ነው?

የአንድ ቅንጣት ዕጣ ፈንታ የሚወሰነው በመጠኑ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮን ያህል ሲሆን አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። 100 ማይክሮን የሚሆን ቅንጣት በረጋ አየር ውስጥ ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ ቢለቀቅ በስድስት ሰኮንድ ገደማ ወለል ይነካል። 10 ማይክሮን የሆነው ግን ስምንት ደቂቃ፣ 5 ማይክሮን የሆነው ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ማይክሮን የሆነው ደግሞ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ይህ ስሌት ቅንጣቱ ክብና የውሃን ያህል እፍግታ ያለው እንደሆነ ቆጥሮ የተሠራ ነው። በሥራ ቤት ውስጥ ደግሞ አየር ረግቶ አያውቅም፤ የሚሽከረከረው እንጨት፣ የሞተሩ ማራገቢያና የሰው እንቅስቃሴ ቅንጣቱን ደጋግመው ወደ ላይ ያነሡታል። ስለዚህ ማሽኑ ከቆመና ቤቱ ከተጠረገ በኋላ ማስኩን አውልቆ ምሳ ለመብላት የሚቀመጥ ሰው የሚተነፍሰው የጠዋቱን ብናኝ ነው።

የመጠኑ ልዩነት በሰውነት ውስጥም ይቀጥላል። ትላልቆቹ ቅንጣቶች በአፍንጫ ይያዛሉ፤ ከ10 ማይክሮን በታች የሆኑት ወደ ደረት የአየር ቧንቧዎች፣ ከ4 ማይክሮን በታች የሆኑት እስከ ሳንባው ጥልቅ ክፍል ይዘልቃሉ። በአፍንጫ መያዝ ግን ከጉዳት መዳን ማለት አይደለም። የዚህ ማስረጃ የተገኘው በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም በምትባለው የወንበር ሥራ ከተማ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በከተማዋ ሆስፒታል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም የነበሩት ኤስሜ ሃድፊልድ፣ እጅግ ብርቅ የሆነ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር ከቤት ዕቃ ሠራተኞች መካከል በተደጋጋሚ እንደሚገኝ አስተዋሉ። ከዶናልድ አቺሰንና ከባልደረቦቻቸው ጋር ያካሄዱት ጥናትም በሽታው ብናኝ ከበዛበት የእንጨት ሥራ ጋር የተያያዘ መሆኑን አረጋገጠ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1995 (እ.ኤ.አ.) የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡ ነገሮች መደብ ውስጥ መድቦታል።

በሽታው የሚገለጠው ብናኙን መተንፈስ ከተጀመረ ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ቶርኖ ፊት የቆመ ለማጅ ዋጋውን የሚከፍለው ልጆቹን ባሳደገበት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት የሚታዩት ምልክቶች ሳል፣ የአፍንጫ መታፈን፣ አስም፣ የዓይን ማሳከክና የቆዳ መቆጣት ሲሆኑ፣ ብዙዎች እንደ ጉንፋን ወይም እንደ ከተማው አቧራ ቆጥረው ያልፏቸዋል። በአገራችን በችፑድ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ተደርጎ በ2019 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት የመተንፈሻ አካል ሕመም ምልክቶች ለብናኙ ካልተጋለጡ ሰዎች ይልቅ በእነዚህ ሠራተኞች ዘንድ በብዛት እንደሚገኙ አሳይቷል። ችፑድ ፋብሪካና ባለ አንድ ቶርኖ ቤት በስፋት ቢለያዩም የሚተነፈሰው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው።

የአካባቢው እንጨቶች

ሰፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚገኘው እንጨት በእንግሊዝኛው አነጋገር “ጠንካራ እንጨት” ተብሎ ቢመደብም፣ ምደባው ስለ ዛፉ ዘር እንጂ ስለ እንጨቱ ጥንካሬ የሚናገር አይደለም። በዚህ መሠረት ባሕር ዛፍ፣ ዋንዛ፣ ወይራ፣ ግራር፣ ብሳናና ግራቪሊያ ሁሉ በዚህ ምድብ ይውላሉ። የሐበሻ ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድና ዝግባ ደግሞ በሌላው ምድብ ናቸው። በብሪታኒያ ለሁለተኛው ምድብ የተፈቀደው ጣሪያ 5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ሁለቱ ተቀላቅለው በሚሠሩበት ቦታ ግን ጥብቁ ጣሪያ ለሁሉም ይሠራል። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2023 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመጀመሪያውን ምድብ ጣሪያ ወደ 2 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል።

ለስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ ምደባ ትርጉም አለው። በሻሸመኔና በአርሲ ነገሌ አቅራቢያ ከሚገኘው የሙነሳ ሻሸመኔ ደን ተከላ የሚወጣው የፈረንጅ ጥድ ከባሕር ዛፍ ጋር ተቀላቅሎ በአንድ ሥራ ቤት ሲሠራ፣ ቤቱ በጥብቁ ጣሪያ መለካት አለበት ማለት ነው። በተጨማሪም አንዳንድ እንጨቶች ከብናኝነታቸው ሌላ የራሳቸው ኬሚካላዊ ጠባይ አላቸው። ለምሳሌ ግራቪሊያ በውስጡ ባለው ንጥረ ነገር ምክንያት በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያስነሣል። የጥድ መልካም ሽታም ከውስጡ ከሚተን ዘይት የሚመጣ ስለሆነ፣ ሽታው ደስ ማሰኘቱ ብናኙን ከጉዳት ነጻ አያደርገውም።

ብናኝን ከምንጩ መቀነስ

ከሁሉ የሚቀድመው መከላከያ ብናኙ እንዳይፈጠር ማድረግ ነው። በዚህ ረገድ ሦስት ነገሮች ወሳኝ ናቸው፤ የመሮው ስለት፣ የእንጨቱ እርጥበትና የማለስለሻው ዘዴ።

ስለት ያለው መሮ እንጨቱን ይቆርጣል፤ የደነዘ መሮ ግን ይፍቃል። የተቆረጠ እንጨት ረዥምና የተጠቀለለ ፍቅፋቂ ሆኖ ይወጣል፤ የተፋቀ እንጨት ደግሞ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ከመሮው ሥር የሚወጣው ነገር መልክ የስለቱ ምስክር ነው፤ ፍቅፋቂው እያጠረና እየደቀቀ ሲሄድ መሮው ወደ ስለት ድንጋዩ መመለስ አለበት። የጥቅሙ ትልቁ ክፍል ግን በማለስለሱ ደረጃ ይገኛል። በተሳለ መሮ በጥንቃቄ የተጨረሰ ገጽ በቁጥር 80 ሸካራ ወረቀት መጀመር ሳያስፈልገው ከቁጥር 150 ወይም 180 ሊጀምር ይችላል። ይህም ከገጹ የሚነሣውን ውፍረት፣ ከዚያም ጋር 8 ግራም ያልነውን ብናኝ በብዙ ይቀንሰዋል፤ የወረቀት ወጪንና ጊዜንም ያድናል።

እርጥብ እንጨት ሲቆረጥ ብናኙ በጣም ያነሰ ነው። የሃይ ዊኮም ወንበር እግር ሠሪዎች በጥንት ዘመን ይሠሩ የነበረው ጫካ ውስጥ፣ ከተቆረጠ ያልቆየ እርጥብ ግንድ በእግር በሚረገጥ ቶርኖ ላይ ነበር። የአዳማ ደረቅ አየር ግን እርጥብ ሥራን ፈጥኖ ያሰነጥቃል። ስለዚህ ሥራውን በሁለት ደረጃ መክፈል ይመረጣል፤ በመጀመሪያ እርጥቡን እንጨት ከሚፈለገው መጠን አወፍሮ ማክበብ፣ ከዚያ የጫፉን ገጽ በሰም ዘግቶ ጥላ ውስጥ በራሱ ፍቅፋቂ ክምር መካከል ቀስ ብሎ እንዲደርቅ መተው፣ ከደረቀ በኋላም ጥቂቱን ቀሪ ሥራ መጨረስ ነው። በዚህ መንገድ ከሚነሣው እንጨት አብዛኛው በእርጥብነቱ ይወጣል፤ ፍቅፋቂውም የማድረቂያ መሣሪያ ይሆናል።

ሦስተኛው ዘዴ ወረቀቱን በዘይት አርጥቦ ማለስለስ ነው። ዘይቱ ብናኙን አጣብቆ ወደ ለጥ ያለ ጭቃ ስለሚለውጠው ወደ አየር የሚነሣው ይቀንሳል። ለሙቀጫ፣ ለዘነዘናና ለምግብ ዕቃ የምግብ ዘይት መጠቀም ይቻላል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ ለሚቀባ የአልጋ እግር ግን ዘይቱ ቀለሙን እንዳይይዝ ስለሚያደርግ ዘዴው አይስማማም። በሁሉም ሁኔታ ግን በማለስለስ ጊዜ የቶርኖውን ፍጥነት መቀነስ ብናኙ በኃይል ተበትኖ እንዳይርቅ ይረዳል፤ ወረቀቱም ቶሎ አይቃጠልም።

የአዳማ ነፋስ፦ ረዳት ወይስ አባካኝ?

አዳማ የነፋስ ከተማ መሆኗን በዙሪያዋ የቆሙት ተርባይኖች ይመሰክራሉ። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 51 ሜጋ ዋት፣ በ2015 (እ.ኤ.አ.) የተመረቀው አዳማ ሁለት ደግሞ 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ተርባይኖቹን የሚያሽከረክረው ይኸው ነፋስ በትክክል ከተመራ ለቶርኖ ቤቶች ያለ ክፍያ የሚሠራ አየር ለዋጭ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሜትር ወርድና ሁለት ሜትር ቁመት ባለው በር በሰኮንድ አንድ ሜትር የሚነፍስ ለስላሳ ነፋስ ቢገባና ተመጣጣኝ መውጫ ቢያገኝ፣ በሰኮንድ 2 ሜትር ኪዩብ አየር ይለወጣል። የ60 ሜትር ኪዩቡ ክፍል አየር በግማሽ ደቂቃ ተተካ ማለት ነው። በተግባር አየሩ እየተቀላቀለ ስለሚወጣ ውጤቱ ከዚህ ያንሳል፤ ሆኖም በገበያ ከሚገኙ ተራ ማራገቢያዎች ይበልጣል። ቅድመ ሁኔታው መውጫው ነው። ብዙ የመንገድ ዳር ሥራ ቤቶች በቆርቆሮ የተሠሩና በሦስት ወገን የተዘጉ በመሆናቸው ነፋሱ በሩ ላይ ይሽከረከራል እንጂ ወደ ውስጥ ገብቶ አያልፍም፤ ብናኙን ያነሣዋል እንጂ አያወጣውም። ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ ተመጣጣኝ መስኮት መክፈት ከማንኛውም ማሽን ግዢ መቅደም ያለበት ሥራ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ባለሙያው ለነፋሱ በየት በኩል ይቁም የሚለው ነው። ነፋሱ ከፊት ቢመጣ ብናኙን ወደ ፊቱ ያመጣዋል። ከኋላ ቢመጣ ብናኙን ከፊቱ ያርቅለታል ተብሎ በተለምዶ ይታሰባል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። ነፋስ ከኋላ ሲመታ የሰው አካል እንደ ድንጋይ በወንዝ ውስጥ ይሆናል፤ ከደረቱ ፊት ለፊት አየሩ እየተጠማዘዘ ይመለሳል፣ ከሥራው ላይ የተነሣውንም ብናኝ ወደ አፍንጫው ይስበዋል። የሚመረጠው ነፋሱ ከጎን እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የቶርኖ ባለሙያ የሚቆመው በማሽኑ ርዝመት ጎን ስለሆነ፣ ማሽኑ ርዝመቱ ከበር ወደ መስኮት በሚዘረጋው መስመር ላይ ቢተከል ነፋሱ ለሠራተኛው የጎን ነፋስ ይሆናል። ሞተሩ ያለበት ጫፍ ወደ መግቢያው ቢዞር ደግሞ ሞተሩ ንጹሕ አየር ያገኛል፣ ብናኝም አይጠራቀምበትም።

ነፋስ ግን ብናኙን ያዛውራል እንጂ አያጠፋውም። ከመስኮቱ ውጭ የጎረቤት ግቢ፣ የሻይ ቤት ወይም የተሰጣ እህል ካለ ችግሩ ባለቤት ለወጠ እንጂ አልተፈታም። በጠባብና ሰው በበዛበት ሠፈር የነፋስ መንገድ ከመሳቢያ ጋር ተጣምሮ ካልሠራ በቂ አይሆንም።

መሳቢያ ሲሠራ ልብ የሚባሉ ነገሮች

በላሜራ ሥራ የሚተዳደሩ ባለሙያዎች በአዳማም ሆነ በሌሎቹ ከተሞች ይገኛሉ፤ ቱቦ፣ አፍና የጠብታ ቅርጽ ያለው ማጣሪያ መሥራት ከአቅማቸው በላይ አይደለም። የሚጎድለው ብዙውን ጊዜ ልኬቱን ማወቅ ነው።

የመጀመሪያው ልኬት ርቀት ነው። የሚነፍስ ማራገቢያ አየሩን ሩቅ ይገፋል፤ የሚስብ ቱቦ ግን አቅሙ ከአፉ እንደራቀ ወዲያው ይደክማል። የአፉ ዲያሜትር 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ አየሩ በአፉ ላይ በሰኮንድ 20 ሜትር ቢገባ፣ ከአፉ 10 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ፍጥነቱ ወደ 1.5 ሜትር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 0.4 ሜትር፣ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ደግሞ ወደ 0.2 ሜትር ይወርዳል። በማለስለስ ጊዜ የሚነሣን ብናኝ ለመያዝ ቢያንስ በሰኮንድ አንድ ሜትር ያህል ፍጥነት ያስፈልጋል። ስለዚህ አፉ ከሥራው በስተ ጀርባ ከ10 ሴንቲ ሜትር ባልራቀ ቦታ መቀመጥ አለበት። በጣሪያ ላይ የተሰቀለ ወይም ከማሽኑ ሥር የተቀበረ መሳቢያ ሞተሩ ምንም ያህል ቢጮህ ብናኙን አይዝም። በአፉ ዙሪያ ሰፊ የላሜራ ከንፈር ቢበየድለት ከኋላ የሚመጣውን ንጹሕ አየር ስለሚያግድ ያው ሞተር የተሻለ ይስባል።

ሁለተኛው ነጥብ መሳቢያው ለፍቅፋቂ ሳይሆን ለብናኝ መሆኑን መረዳት ነው። 100 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያለው እንጨት በደቂቃ 1500 ጊዜ ሲዞር የገጹ ፍጥነት በሰኮንድ 8 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት የሚወረወርን ፍቅፋቂ በሰኮንድ አንድ ሜትር ተኩል የሚጓዝ አየር ሊመልሰው አይችልም። ቱቦውንም ፍቅፋቂው ይዘጋዋል። ስለዚህ በማክበብ ጊዜ ፍቅፋቂው በሸራ ወይም በላሜራ መከለያ ተመትቶ ወደ ወለል ወይም ወደ ሳጥን እንዲወድቅ ማድረግ፣ መሳቢያውንም ማለስለስ ሲጀመር ወደ ሥራው ማስጠጋት ተገቢ ነው። አፉ በቀላሉ የሚዞርና የሚጠጋ ክንድ ላይ ቢተከል ይህን ማድረግ የጥቂት ሰኮንዶች ሥራ ነው።

ሦስተኛው በቱቦው ውስጥ የሚኖረው ፍጥነት ነው። ከሰኮንድ 18 እስከ 20 ሜትር በታች ሲሆን ብናኙ በመንገዱ ላይ ይቀመጣል፤ ቱቦውም ቀስ በቀስ ይዘጋል። በ100 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይህን ፍጥነት ለማግኘት በሰዓት 565 ሜትር ኪዩብ ያህል አየር መሳብ ያስፈልጋል። ሞተር ሲመረጥ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መሆኗም ሊታሰብ ይገባል። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠለል ካለው በ15 በመቶ ገደማ ስለሚሳሳ፣ ማራገቢያው የሚፈጥረው የመሳብ ግፊት በፋብሪካ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በዚያው ልክ ያንሳል።

የመጨረሻው ጥያቄ የተሳበው ብናኝ የት ይድረስ የሚለው ነው። አየሩን የሚያሽከረክር የጠብታ ቅርጽ ማጣሪያ ሸካራውን ብናኝ ወደ በርሜል ያወርደዋል፤ ደቃቁን ግን ያሳልፈዋል። ጆንያ ወይም ስስ ጨርቅ ለማጣሪያነት ሲውል ደግሞ ለዓይን የሚታየውን ይዞ የማይታየውን ወደ ክፍሉ መልሶ ይረጫል፤ ይህ ሥራ ቤቱን ከመጀመሪያው የባሰ ያደርገዋል። ደቃቅ ብናኝ የሚይዝ ማጣሪያ ካልተገኘ፣ በጠብታ ማጣሪያ ያለፈው አየር ሰው ከሌለበት ወገን በከፍታ ወደ ውጭ እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል።

ማጽዳት፣ ማስክና እሳት

የወደቀ ብናኝ ተመልሶ እንዳይነሣ ማድረግ ግማሽ ሥራ ነው። በደረቅ መጥረጊያ መጥረግና ልብስን ወይም ማሽንን በኮምፕሬሰር አየር ማራገፍ በስምንት ሰዓት የረጋውን በአንድ ደቂቃ ወደ አየር ይመልሰዋል። ወለሉን ውሃ ረጭቶ መጥረግ፣ ማሽኑን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል፣ የሥራ ልብስን በሥራ ቦታ አውልቆ መሄድ ይገባል። የሥራ ልብስ ለብሶ ወደ ቤት መግባት ብናኙን ለሕፃናት ማድረስ ነው።

ማስክ የመጨረሻ መከላከያ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የጨርቅ ማስክና በአፍ ላይ የታሰረ ሻሽ ደቃቁን ብናኝ አይዙም። ኤን-95 በመባል የሚታወቀው ዓይነት በጣም ደቃቅ ከሆኑ ቅንጣቶች ከመቶ 95 እጅ እንዲይዝ የተሠራ ቢሆንም፣ ይህ የሚሆነው ከፊት ጋር ክፍተት ሳይኖረው ሲገጥም ብቻ ነው፤ ጺም ካለ አይገጥምም። በሚሽከረከር ማሽን ፊት ጓንት ማድረግ፣ ነጠላ መከናነብ ወይም እጀ ሰፊ ልብስ መልበስ፣ በሚዞረው እንጨት ላይ የተጠመጠመ ፍቅፋቂንም በእጅ መሳብ ብናኝ ከሚያደርሰው ጉዳት ይልቅ ፈጣን አደጋ ያስከትላሉ። ዓይንን ከሚወረወር ፍቅፋቂ የሚጠብቅ መከለያም ከማስኩ ጋር አብሮ መኖር አለበት።

ሦስተኛው ስጋት እሳት ነው። ደቃቅ ብናኝ ገጹ ሰፊ ስለሆነ በቀላሉ ይቀጣጠላል። የስለት ድንጋዩ ብልጭታ ወደ ሰጋቱራ ክምር እንዳይደርስ ድንጋዩን ከክምሩ ማራቅ፣ በሞተርና በማከፋፈያ ሳጥን ላይ የተጠራቀመን ብናኝ በየዕለቱ ማንሣት ያስፈልጋል። የተልባ ዘይት የተነከረ ጨርቅ ተጨብጦ ፍቅፋቂ ውስጥ ሲጣል፣ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲዋሐድ ሙቀት ስለሚፈጥር ማንም ክብሪት ሳይለኩስ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ ተዘርግቶ ውጭ መድረቅ ወይም ውሃ በያዘ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

ፍቅፋቂው ሀብት ሲሆን

ብናኙ ከተለየ በኋላ ፍቅፋቂው ሸክም መሆኑ ያበቃል። በቆርቆሮ ምድጃ ውስጥ ተጠቅጥቆ ለማገዶ ይውላል፤ ለዶሮ ቤት ጉዝጓዝም ተፈላጊ ነው። ቢሾፍቱና አካባቢዋ ዶሮ እርባታ የተስፋፋበት በመሆኑ ገበያው ሩቅ አይደለም። ሆኖም ለጉዝጓዝ የሚሸጠው ፍቅፋቂ ከማለስለሻ ብናኝ የተለየ፣ ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የምስጥ መከላከያ ኬሚካል ካልነካው እንጨት የወጣ ሊሆን ይገባል። ጫጩትም እንደ ሰው ሳንባ አላት። ከችፑድና ከኤምዲኤፍ የሚወጣው ደግሞ ሙጫ ስላለበት ለጉዝጓዝም ሆነ ለምግብ ማብሰያ ማገዶ አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ጆንያ ለይቶ ማስቀመጥ ለጤናም ለገቢም ይጠቅማል።

ማጠቃለያ

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድዳል። ነገር ግን አዋጁ የቆመው በቅጥር ግንኙነት ላይ ነው። ለራሱ የሚሠራው ባለ አንድ ቶርኖ ባለሙያና ከአባቱ ጎን ቆሞ የሚማረው ልጅ ተቆጣጣሪ የላቸውም፤ የሚጠብቃቸው የራሳቸው ዕውቀት ብቻ ነው። ይህ ዕውቀት የሚተላለፍበት ሁነኛ ቦታ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። አንድ ሠልጣኝ የአልጋ እግር በትክክል ማውጣቱ ሲመዘን፣ መሮውን መሳሉ፣ ማሽኑን በነፋሱ መስመር መትከሉና መሳቢያውን በ10 ሴንቲ ሜትር ማስጠጋቱ አብሮ ቢመዘን ልማዱ ከሙያው ጋር ይወረሳል።

ከላይ ከተዘረዘሩት መካከል ገንዘብ የሚጠይቁት ጥቂቶቹ ናቸው። መሮ መሳል፣ ማሽኑን ማዞር፣ ትይዩ መስኮት መክፈት፣ ውሃ ረጭቶ መጥረግና የዘይት ጨርቅን ለይቶ ማስቀመጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊጀመሩ ይችላሉ። መሳቢያው ከእነዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ማለትም መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ በጆንያ የሚያጣራ ሞተር ሲተከል፣ ወጪው ይጨምራል፤ ጉዳቱም ይቀጥላል። ስለዚህ አንድ ሥራ ቤት ሲፈተሽ ወለሉ መጠረጉን ብቻ ሳይሆን፣ በበሩ በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፍ ነገር መኖር አለመኖሩንም መመልከት ይገባል።